አንኮበር ወረዳ፦ መልክዓ ምድሩ፣ አስተዳደሩና ነዋሪው ጉዳዩን የሚያስፈጽምባቸው ደረጃዎች

የገጠር ወረዳ ነዋሪ ጉዳዩን ለማስፈጸም ከቤቱ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወዴት ልሂድ?» የሚለው ነው። ቀበሌው በሚጨርሰው ጉዳይ ወደ ወረዳ የወጣ፣ ወይም ወረዳው በሚወስነው ጉዳይ ወደ ዞን የተጓዘ ሰው የሥራ ቀኑን፣ የመጓጓዣ ገንዘቡንና አንዳንዴም በሕግ የተወሰነውን የማመልከቻ ጊዜ ያጣል። ይህ ኪሳራ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት በሆነበት አካባቢ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ የአንድን ወረዳ መልክዓ ምድርና የአስተዳደር አደረጃጀት አጣምሮ ማወቅ ለነዋሪው ቀጥተኛ ጥቅም አለው። ይህ ጽሑፍ የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሆነውን አንኮበር ወረዳን በምሳሌነት በመውሰድ የወረዳውን አቀማመጥ፣ የአስተዳደር እርከኖቹን ሥልጣንና አገልግሎት ፈላጊዎች ሊከተሉት የሚገባውን መንገድ ያብራራል።

መገኛና አዋሳኞች

አንኮበር ወረዳ በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ከፍተኛ ቦታዎች ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ ይገኛል። በምዕራብ ከባሶና ወራና፣ በሰሜን ከጣርማበር፣ በደቡብ ከአሳግርት ወረዳዎች፣ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ክልል ጋር ይዋሰናል። የወረዳው መቀመጫ ጎረቤላ ከተማ ሲሆን፣ የዞኑ መቀመጫ ከሆነችው ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ ከዋና ከተማዋ ተነሥቶ አንኮበር ለመድረስ ጠቅላላ ጉዞው 170 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

አንኮበር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚያ ተቀምጠው አስተዳድረዋል፤ በ1834 ዓ.ም ከብሪታንያ መንግሥት ልዑክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉትም በዚሁ ዘመን ነው። ዐፄ ምኒልክም መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ከማዛወራቸው በፊት በአንኮበር ነበሩ። ከከተማዋ በታች ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር ጠረፍና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከደጋው ነዋሪ ጋር የሚገበያዩባት የታወቀች ገበያ ነበረች። የደጋና የቆላ ሕዝብ በገበያ፣ በጋብቻና በጉርብትና መተሳሰሩ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የመጣ ነው። ዛሬም በወረዳው አማርኛ ተናጋሪ ገበሬዎችና የአርጎባ ማኅበረሰብ አባላት አብረው ይኖራሉ።

የመሬቱ አቀማመጥና የአየር ጠባዩ

የወረዳው ዋነኛ መለያ በአጭር ርቀት ውስጥ የሚታየው ከፍተኛ የከፍታ ልዩነት ነው። የምዕራቡ ክፍል በኩንዲ ተራራ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ3500 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ ሲወረድ መሬቱ በተከታታይ ዝቅ እያለ ከ1500 ሜትር በታች ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ወረዳ ውስጥ ይገኛሉ። በከፍተኛው ቦታ ገብስ፣ ባቄላና አተር፣ በመካከለኛው ስንዴና ጤፍ፣ በዝቅተኛው ማሽላ ይመረታል።

ይህ የተራራ ሰንሰለት የውኃ መለያም ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ሲገባ፣ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይፈሳል። ስለዚህ በላይኛው ቀበሌ የሚታረስ ተዳፋት፣ የሚቆረጥ ዛፍ ወይም የሚሠራ እርከን በታችኛው ቀበሌ ባለው ማሳና ከዚያም አልፎ በአዋሽ ዳርቻ ባለው መሬት ላይ ውጤቱ ይታያል። በአካባቢው የሚገኘውና አጎራባች ወረዳዎችም የሚጋሩት የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ዝግባን የመሳሰሉ ዛፎችን የያዘ ጥብቅ ደን ሲሆን፣ ለምንጮች መጠበቅ ያለው ጥቅም ከፍ ያለ ነው።

ወረዳው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። ዋናው ክረምት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከየካቲት አካባቢ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው በልግ ነው። የበልግ ዝናብ በተለይ በደጋው ክፍል ለገብስ ምርት ወሳኝ ነው። ሁለቱ ወቅቶች ከእርሻው ባሻገር የአገልግሎት አሰጣጡንም ይነካሉ። በክረምት ወራት የእግር መንገዶች ይሸረሸራሉ፣ ጅረቶች ይሞላሉ። የመስክ ጉብኝት ወይም የመሬት ልኬት የሚጠይቁ ጉዳዮች ያሏቸው ነዋሪዎች ማመልከቻቸውን በጋው ሳያልፍ ቢያቀርቡ ሥራው ይፋጠንላቸዋል።

የአስተዳደር እርከኖቹ አመጣጥ

ወረዳ የሚለው የአስተዳደር ስያሜ ዛሬ የያዘው ትርጉም በየጊዜው ከተደረጉ ለውጦች የመጣ ነው። በ1934 ዓ.ም የወጣው የሀገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ሀገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፋፍሎ ነበር። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ መነሻ ይኸው የገበሬ ማኅበር ነው፤ በእድሜ የገፉ ነዋሪዎች ቀበሌያቸውን እስከ ዛሬ «ገበሬ ማኅበር» እያሉ የሚጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1984 ዓ.ም ከተደረገው የአደረጃጀት ለውጥ በኋላ አውራጃ ቀርቶ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ቦታውን ያዙ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከ1994 ዓ.ም ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በወቅቱ በነበረው የደቡብ ክልል ወረዳዎች ጥቅል በጀት ከክልሉ ተቀብለው በራሳቸው ምክር ቤት መደልደል ጀመሩ። ይህ ለነዋሪው ትርጉም ያለው ለውጥ ነው፤ የትምህርት ቤት ጥገና፣ የምንጭ ማጎልበት ወይም የመንገድ ሥራ ጥያቄ በአብዛኛው የሚመለሰው በወረዳው በጀት ውስጥ ነውና።

እያንዳንዱ እርከን ምን ይሠራል?

ቀበሌ፦ ለነዋሪው ቅርብ የሆነው የመንግሥት አካል ነው። በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤትና አስተዳዳሪ እንዲሁም የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ አለው። በቀበሌ ደረጃ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይገኛሉ።

ወረዳ፦ ሦስቱም የመንግሥት አካላት የተሟሉበት እርከን ነው። የወረዳው ምክር ቤት በጀትና ዕቅድ ያጸድቃል፤ በአስተዳዳሪው የሚመራው አስተዳደር ምክር ቤት ያስፈጽማል፤ የወረዳው ፍርድ ቤት ይዳኛል። የግብርና፣ የመሬት፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የገንዘብ፣ የውኃ፣ የፍትሕ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የሚመለከቱ ጽሕፈት ቤቶች በወረዳው መቀመጫ ይገኛሉ።

ዞን፦ ሰሜን ሸዋን በመሰሉ የብሔረሰብ አስተዳደር ባልሆኑ ዞኖች የተመረጠ ምክር ቤት የለም። ዞኑ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ሆኖ ወረዳዎችን ይደግፋል፣ ይከታተላል። ነዋሪው ወደ ዞን መሄድ የሚኖርበት በወረዳው ውሳኔ ቅር ሲሰኝ፣ ይግባኝ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲያቀርብ ወይም ጉዳዩ ከወረዳው አቅም በላይ መሆኑ ተገልጾ ሲላክ ነው። ከወረዳው ውሳኔ በፊት ወደ ዞን የቀረበ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ወደ ወረዳው ይመራል።

ክልል፦ ሕግ ያወጣል፣ ፖሊሲ ያስፈጽማል፣ ለወረዳዎች በጀት ይመድባል። የተናጠል ባለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር መሄድ የሚኖርበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ

ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡት በቀበሌ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ሀገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ጊዜው ያለፈበት ኩነት ጨርሶ የማይመዘገብ ባይሆንም ተጨማሪ ማስረጃ ስለሚጠየቅበት ሥራው ይረዝማል።

የልደት ምስክር ወረቀት ለትምህርት ምዝገባ፣ ለፓስፖርትና ለውርስ ይፈለጋል። የሞት ምዝገባ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቤተሰቡ በኀዘን ላይ ሳለ 30 ቀናት በቶሎ ያልፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ የባልና ሚስት ይዞታ ወይም የውርስ ጥያቄ ሲነሣ የሞት ምስክር ወረቀት አለመኖሩ ባለመብቱን ለምስክር ማሰባሰብና ለተደጋጋሚ ምልልስ ይዳርገዋል። ስለዚህ ከተዝካር በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ቀበሌው ሄዶ ቢያስመዘግብ ይመረጣል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሰውን ማንነት ያረጋግጣል። ነገር ግን የልደት ምስክር ወረቀትን ወይም የመሬት ይዞታ ደብተርን አይተካም፤ እያንዳንዱ ማስረጃ የየራሱ አገልግሎት አለው።

የገጠር መሬት ጉዳይ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ገበሬዎች መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባና የአረንጓዴ ደብተር አሰጣጥ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ለባልና ሚስት የጋራ ይዞታ የሚሰጠው ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ይህ አሠራር ትልቅ ጥበቃ ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ መኖሩ ብቻ ብዙ ክርክር ያስቀርላታል።

የመሬት ጉዳይ የሚጀመረው በቀበሌ ነው። የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ማሳውን፣ አዋሳኞቹንና ባለይዞታውን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን ማጣራት ያደርጋል። ምዝገባው፣ የስም ዝውውሩና የደብተር እድሳቱ የሚፈጸሙት ግን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ኪራይ፣ ስጦታና ውርስ በወረዳው መዝገብ ካልገቡ በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት የተደረገ ስምምነት ብቻውን ባለመብቱን ከኋላ ክርክር አያድነውም። የአካባቢው ሰው መሬት ሲያከራይ በቃል መተማመኑ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም አከራይ ወይም ተከራይ በሞተ ጊዜ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ስለማይቀር ጽሑፍና ምዝገባ ያስፈልጋል።

እንደ አንኮበር ባለ ተዳፋታማ ወረዳ ስለ መሬት አጠቃቀም የተደነገገውም ትኩረት ይሻል። ቀደም ሲል በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ከተሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ባለይዞታው መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል፤ አዲስ ማሳ ከማረስ ወይም ወደ ደኑ ዳር ከመስፋፋት በፊትም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

የጤና አገልግሎት ቅብብሎሽ

የጤና አገልግሎትም በእርከን የተደራጀ ነው። ለ5000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ በገጠር ለ25000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ለ100000 ያህል ሕዝብ ደግሞ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲኖር ሀገራዊ መለኪያው ያስቀምጣል። ክትባትና የእርግዝና ክትትል በቀበሌ ይጀመራሉ፤ ወሊድ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ነዋሪ ይህን ቅብብሎሽ መጠበቅ አለበት። በጤና ጣቢያ ሳይታይና የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ወጪ ራሱ እንዲሸፍን ሊደረግ ይችላል። ድንገተኛና አጣዳፊ ሕመም ግን በየትኛውም ተቋም ቅድሚያ ይሰጠዋል። የአባልነት ምዝገባና እድሳት በቀበሌ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚካሄድ፣ ሰብል በተሰበሰበበት ወቅት ክፍያውን መፈጸም በሕመም ጊዜ ጥሪት ከመሸጥ ያድናል።

ጉዳዩ የት ይታያል? ሰውና መሬት በተለያየ ቀበሌ ሲሆኑ

በአንኮበርና በመሰል ወረዳዎች አንድ ቤተሰብ መኖሪያው በደጋ ቀበሌ፣ ማሳው ደግሞ በቆላ ቀበሌ ወይም በአጎራባች ወረዳ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለጉዳዩ የሚከተለው መርህ ቀላል ነው፤ ሰውን የሚመለከተው ጉዳይ ሰውየው በሚኖርበት፣ መሬትን የሚመለከተው ጉዳይ መሬቱ በሚገኝበት ቦታ ይታያል።

ለምሳሌ አንዲት እናት በላይኛው ቀበሌ የምትኖርና ከባሏ ጋር በታችኛው ቀበሌ የጋራ ይዞታ ያላት ብትሆን፣ የልጇን ልደት የምታስመዘግበው በመኖሪያ ቀበሌዋ ነው። የይዞታውን ስም ለማዛወር ግን ማሳው ባለበት ቀበሌ ያለው ኮሚቴ ማረጋገጥ አለበት። የድንበር ክርክር ከተነሣ በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚደነግገው ክሱ የሚቀርበው የማይንቀሳቀሰው ንብረት በሚገኝበት አካባቢ ለሚያስችል ፍርድ ቤት ነው። ማሳው በሌላ ወረዳ ከሆነ የአንኮበር ወረዳ ፍርድ ቤት ክሱን አይቀበለውም።

የአካባቢ ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን፣ ጎረቤትንና ዘመድን በማስታረቅ ረገድ ያላቸው ድርሻ ከፍተኛ ነው። እርቁ የመሬት መብትን የሚለውጥ ከሆነ ግን በጽሑፍ ሰፍሮ ወደ ወረዳው መዝገብ መግባት ይኖርበታል።

ቅሬታ አቀራረብ

አገልግሎት የተነፈገ፣ የዘገየበት ወይም ያለ አግባብ ክፍያ የተጠየቀ ባለጉዳይ ቅሬታውን በመጀመሪያ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ክፍል ኃላፊ ያቀርባል። ምላሽ ካላገኘ ወደ ወረዳው አስተዳደር ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም በደረጃው ወደ ዞንና ወደ ክልል ይሄዳል። የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ አቤቱታው ክፍያ የለበትም። ተቋሙ ጉዳዩን ከማየቱ በፊት ባለጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ማመልከቱን ስለሚጠይቅ፣ በየደረጃው የቀረቡ ማመልከቻዎችን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

ቅሬታ በቃል ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም ቀኑ፣ የቀረበበት ክፍልና የተሰጠው መልስ የተጻፈበት ወረቀት በቀጣዩ እርከን ዋነኛው ማስረጃ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ባለጉዳይ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ እንዲጽፍለት የመጠየቅ መብት አለው።

ከቤት ከመነሣት በፊት

ነዋሪዎች ወደ ጎረቤላ ከመጓዛቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያረጋግጡ ምልልሱ ይቀንስላቸዋል፦

• ጉዳዩ በቀበሌ የሚያልቅ መሆን አለመሆኑን የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ መጠየቅ፤
• ጉዳዩ ወደ ወረዳ የሚሄድ ከሆነ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ ማኅተሙና ቁጥሩ ያለበት መሆኑን አይቶ መያዝ፤
• ለመሬት ጉዳይ የይዞታ ደብተሩን ዋናውንና ቅጂውን፣ የጋራ ይዞታ ከሆነም ሁለቱም ባለይዞታዎች መገኘታቸውን ማረጋገጥ፤
• ለውርስ ጉዳይ የሞት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ መያዝ፤
• የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቀናት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆኑ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ጉዞውን የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ቢያደርገው ያልተሟላ ነገር ቢኖር በዚያው ሳምንት ለማሟላት ይችላል፤
• ለተከፈለ ክፍያ ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልና ማስቀመጥ።

በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው የእርከኖች አሠራር በአማራ ክልል ሌሎች የገጠር ወረዳዎችም በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው። በሌሎች ክልሎች የመሬት አስተዳደርና የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዝርዝር በየክልሉ ሕግ ስለሚወሰን፣ ነዋሪዎች የየክልላቸውን አዋጅና መመሪያ በወረዳቸው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው እንዲረዱ ይመከራል።